ተለቅሞ የተላከ ተልባ

ላሊበላ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዶክተር ሰውአገኝ፣

ያሉበት አገር ብርዱ ይለዝብልዎ፣ ጤናዎ ይሰንብት፣ ቤትዎ ይሙላ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ደኅና ነን። ልደትንም ጥምቀትንም ዘንድሮ ያከበርነው እርስ በርሳችን እየተያየን ነው። እንግዳ እንደ ድሮው አልመጣም፤ ቢሆንም አከበርን።

ቃለሕይወት እባላለሁ። አያትዎ ቄስ ወልደ ሰንበትና የእኔ ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዝምድናው ከራቀብዎ በእትዬ አለሜ ያቅርቡት። እርስዎ ላሊበላ ሲማሩ ያደሩባት ቤት የእሳቸው ናት፤ እኔንም አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደጉኝ እኚሁ አክስቴ ናቸው። ስምዎ በተነሣ ቁጥር፣ “ሰውአገኝ መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀረ ወጡ ይቀዘቅዝበት ነበር” ይላሉ።

ገንዘብ ልጠይቅ አልጻፍኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከአገር ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እጁን ዘርግቶ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። እኔ የምጠይቀው ምክር ነው።

አምና በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ሥራ የለም። ጓደኞቼ እንግዳ አስጎብኚ ነበሩ፤ አሁን እነሱም እንደኔው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ መቀመጥ አልችልም፤ እግሬን ይበላኛል። እትዬ አለሜ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች ያለችውን መሬታቸውን ተልባ ዘርተውባት ነበርና አጨዳውን አገዝኳቸው። ስንወቃ ከቡናማው መካከል ቢጫ ፍሬ አየሁ። ተመልሼ ያልተወቃውን አገዳ በአገዳ ፈተሽኩት። ቢጫ ፍሬ የተገኘበት አገዳ ላይ ያለው በሙሉ ቢጫ ነው፤ አንድም ቡናማ የለበትም። ለጎረቤታችን ለጋሻዬ ባሳየው፣ “ያልበሰለ ነው። አንተም እንደሱ ነህ” አለኝ።

በስሏል ጋሼ። ጥርስ ላይ ሲሰበር ዘይቱ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ተልባ ቀለም የጻፉትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ግማሹ አልገባኝም፤ የጸሐፊው ስም ግን የኛ ቤት ስም ስለነበረ አልተውኩትም። ይህ ቢጫ እርስዎ የጻፉለት ዓይነት ቢጫ ይሆን? ምንስ ባደርግበት ይሻላል?

ኔትወርክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለሱ አንድ ተሳላሚ ሰጥቻለሁ፤ ከእጃቸው ወደ እጅዎ የሚያደርስ መንገድ እግዚአብሔር ያውቃል።

ታናሽዎ ቃለሕይወት


ሳስካቱን፣ ካናዳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቃለሕይወት፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ለቤተ ሰቡ በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤህ ከስንት እጅ በኋላ ፎቶ ተነሥቶ ደረሰኝ። ከላሊበላ ስለ ዘር ልባስ የሚጠይቀኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ ማለቴ ተረጎምኩላቸው።

ሰው ተልባ ቡናማ ነው ሲል ቀለሙ ከፍሬው ውስጥ የመጣ ይመስለዋል። ቀለሙ ያለው ከላይ ባለው ስስ ልባስ ላይ ነው። በልባሱ ሕዋሶች ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር ይሠራል። ሲሠራ ቀለም የለውም፤ ዘሩ ሲበስልና ሲደርቅ ነው እንደ ተላጠ ድንች የሚጠቁረው። ታኒኑን ተቀባብለው የሚሠሩት ብዙ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ግን በራሳቸው አይነሡም። ሦስት ፕሮቲኖች አብረው ቆመው ማዘዝ አለባቸው። ከሦስቱ አንዱን የሚሠራው ጂን ከተበላሸ ትእዛዙ ይቀራል፤ ልባሱ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይቀርና ከሥሩ ያለው የፍሬው ቢጫ ይታያል። ልባሱ ስለሚሳሳም ዘይቱ ይበዛል። ፋብሪካዎች ቢጫውን የሚወዱት ለዚህ ነው።

የእናንተ ቢጫ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው? አንድ ቦታ ወይስ ሁለት? ይህን ማንም አያውቅም። አንተ ልታውቀው ትችላለህ። ቡናማውን ከቢጫው አዳቅል። ልብ በል፤ ልባሱ የእናቲቱ አካል ነው እንጂ የልጁ አይደለም። ስለዚህ መልሱ በዚያው ዓመት አይታይም፤ በልጆቹም አይታይም፤ በልጅ ልጆቹ አገዳ ላይ ነው የሚታየው። ያኔ እያንዳንዱን አገዳ ለብቻው አጭደህ ለብቻው ታስቀምጣለህ። ለአንድ ቢጫ አገዳ ሦስት ቡናማ ከመጣ የተበላሸው አንድ ቦታ ነው። ቢጫው ከዚያ በጣም ካነሰ ነገሩ የተወሳሰበ ነው።

ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች እልክልሃለሁ፤ አንድ አገዳ በአንድ ከረጢት። አዲስ አበባ ሣራ የምትባል ባልደረባዬ አለች። ዘር ወደ ውጭ የማሳለፍ ሕጋዊ ፈቃድ ያላት እሷ ናት፤ ዘሩም ደብዳቤውም በእሷ በኩል ይሁን። ይህን በደንብ ከሠራህልኝ፣ ከፕሮፌሰሬ ዘንድ የማስተርስ ቦታ ስጠይቅልህ ባዶ እጄን አልጠይቅም።

እትዬ አለሜን ሳምልኝ። ያን ቤት አልረሳሁትም።

ሰውአገኝ


ላሊበላ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሰውአገኝ፣

እጅዎ ያረፈበት ይባረክ፤ የሰው ፊት አያሳይዎ። ከረጢቶቹ ደረሱ። ያመጣቸው ሐምዳን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወልድያ ነው ቤቱ፤ መንገዱ ሲከፈት ከሣራ ተቀብሎ እዚህ ያደርሳል። “ከካናዳ ድረስ ባዶ ከረጢት? ወላሂ፣ ሀብታም ሲቸግረው እንዲህ ነው” እያለ አስረከበኝ።

ማዳቀሉን ጨረስኩ። እንዲህ ከባድ መሆኑን አልነገሩኝም። የተልባ አበባ በማለዳ ይከፈትና እኩለ ቀን ሳይሆን ቅጠሉ ይረግፋል። ስለዚህ ዋዜማውን ያልተከፈተውን እንቡጥ ሰንጥቄ ወንዴውን በወረንጦ አወጣለሁ፤ ጠዋት ከሌላው አበባ ዱቄቱን አምጥቼ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ እንዳይጠፋኝ ቀይ ክር አስርበታለሁ። ወደ አሸተን የሚወጡ መነኮሳት ቆመው ያዩኛል፤ አንዱ አማተቡ። ጋሻዬ ግን በየቀኑ አለ። “ማተብ አሰርክላት፤ የክርስትና ስሟን ማን አልካት?” ይለኛል። “ክርስትና አባቷ አንተ ነህ” አልኩት። “ድግሱ ካለ እሺ” አለ።

ሦስቱ ፕሮቲኖች ያሉኝን እያሰብኩ ሰነበትኩ። እንደ ቅዳሴ አይደል? ልዑካኑ አምስት ካልሞሉ ካህኑ ቢኖርም መሥዋዕቱ ቢኖርም ቅዳሴው ይታጎላል። የኛ ቢጫ ተልባ አንድ ዲያቆን የጎደለበት ቅዳሴ ነው ብዬ ለእትዬ አለሜ ነገርኳቸው። “ይህን ውጭ ወጥተህ እንዳትናገር” አሉኝ።

ከተዳቀለው የተገኘው ዘር እንዳሉት እናቱን መስሏል፤ ቡናማ ነው። እስከ ክረምት አልጠብቅም። ከምንጩ ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት ጋሻዬ ፈቅዶልኛል፤ ጥር ላይ በመስኖ እዘራዋለሁ። አንድ ዓመት እናተርፋለን።

ስለ ማስተርሱ የማመልከቻው ጊዜ መቼ እንደሚዘጋ ቢነግሩኝ።

ታናሽዎ ቃለሕይወት


ሳስካቱን፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃለሕይወት፣

እንደምን አለህ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

ጥሩ ሄደሃል። ፕሮፌሰሩ ስለ ላስታው ቢጫ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ በአንድ ስብሰባ ላይም አንሥተውታል። ማመልከቻው የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ ለእናንተ ጥር ሃያ አካባቢ። የልጅ ልጆቹ ዘር ከዚያ በፊት እጄ ላይ መግባት አለበት። ከዘገየ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።

ለእትዬ አለሜ ሰላምታ። ቢጫው ለእኛ ወርቅ ነው በልልኝ፤ ደስ ይላቸዋል።

ሰ.


ላሊበላ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ሰውአገኝ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። አዲሱ ዓመት የሚሰጥ እንጂ የሚወስድ አይሁንብዎ።

በግንቦት ያጨድኩት፣ የልጆቹ ማለቴ ነው፣ አንድ ሳይቀር ቡናማ ሆነ። ልክ እንዳሉት ነው። ለጋሻዬ አሳየሁት። “ይኸው፣ ቢጫህ ጠፋ” አለ። “አልጠፋም፣ ተደብቋል” አልኩት። “የተደበቀ ነገር ዘንድሮ ብዙ ነው” አለና ሄደ።

የልጅ ልጆቹ አሁን መሬት ላይ ናቸው፤ ማሳው ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ አብቧል። እትዬ አለሜ ዘንድሮ ስንዴ አልዘሩም። መሬታቸውን በሙሉ ለእኔ ለቀቁት። “እርስዎ ምን ይበላሉ?” ስላቸው፣ “ሰውአገኝ ሲወስድህ ከዚያ ትልክልኛለህ” አሉ። ቀጥለው፣ “ሲወስድህ ማን ይቀብረኛል?” አሉ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ። ሁለቱንም ከልባቸው ነው ያሉት።

ከረጢቶቹን አጥበው፣ አድርቀው፣ አጣጥፈው ከዕቃ ቤቱ አስቀምጠዋል። “የሰውአገኝ ዕቃ” ይሏቸዋል፤ ለሌላ ነገር አያስነኩም።

ዕቅዴ እንዲህ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን አገዳ ለብቻው አጭጄ ከነራሱ በየከረጢቱ እከታለሁ። ከዚያ ኮን ከተማ ደርሼ መመለስ አለብኝ፤ የዚያ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለቅጥር ፈተና ጠርቶኛል። ልቤ አልወደደውም፤ አለመሄድ ግን እትዬን ያሳዝናቸዋል። ስመለስ እፈለፍላለሁ፣ ቀለሙን እየለየሁ እጽፋለሁ፣ ለሐምዳን እሰጣለሁ። ከጥር በፊት እጅዎ ይገባል።

ጋሼ፣ ማታ ማታ አልተኛም ብልዎ ማጋነን እንዳይመስልዎ። ሌላ አገር አይቼ አላውቅም፤ ላብራቶሪ ግን በሕልሜ አያለሁ። የማየው ግድግዳው ነጭ ሆኖ ነው፤ እውነት ነጭ ነው?

ታናሽዎ ቃለሕይወት


ሳስካቱን፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቃለሕይወት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ከረጢቶቹ ደርሰውኛል። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁሉም ቢጫ ነው።

ይህ ሊሆን እንደማይችል አንተም ታውቃለህ፤ ከአዋቂም አዋቂ ሆነህ ነው እኮ በየደብዳቤው ስታስረዳኝ የከረምከው። ልጆቹ ሁሉ ቡናማ ከሆኑ፣ ከልጅ ልጆቹ መካከል ቡናማው መብዛት አለበት። አንተ ግን አንድም ቡናማ አልላክህልኝም። ይባስ ብሎ በየከረጢቱ ያለው ልክ እኩል ነው፤ በእፍኝ የተሠፈረ ይመስላል። አንድ አገዳ ብዙ ያፈራል፣ ሌላው ጥቂት፤ ይህን ገበሬ ያውቀዋል።

ከየት ሰብስበህ እንደሞላኸው አልጠይቅህም። ቢጫውን እንደምንወድ ነገርኩህ፤ የምንወደውን ላክህልኝ። ሰው መሄድ ሲያምረው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ከኛ ቤት ግን አልጠበቅኩትም።

ፕሮፌሰሩ ጠይቀውኛል። መዋሸት አልችልምና መረጃው የሚታመን አይደለም ብያለሁ። ስምህ ከዕጩዎቹ ወጥቷል። ዘመድ ስለሆንክ ነገሩን ለሌላ ሰው አላወራም።

ሰውአገኝ


ላሊበላ፣ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ሰውአገኝ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ጤናዎን እመኛለሁ።

ደብዳቤዎን ሐምዳን ትናንት ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት መንገድ ላይ ተቀይሯል ብዬ ነው። ሐምዳንን ያዝኩት። “አብሽር፣ እማማ አስረው እንደሰጡኝ ነው ለሣራ የሰጠሁት። ቋጠሮውን እንኳ አልነካሁም” አለ። ያኔ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት። ከረጢቶቹን ለሐምዳን የሰጠሁት እኔ አይደለሁምና።

ኮን ሄጄ ፈተናውን በተፈተንኩ ማግሥት መንገዱ ተዘጋ። እዚያው ቀረሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስመለስ እትዬ አለሜ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ “አብሽር፣ ዕቃው ሄዷል። ሐምዳን መኪኖች እየታጀቡ ሊወጡ ነው፣ ሌላ ጊዜ አይገኝም ሲለኝ ዝም ብዬ ላሳልፈው? ፈልፍዬ ላክሁልህ” አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ቀለሙን ሳልጽፍ መሄዱ ቢቆጨኝም፣ እርስዎ ከፍተው ያዩታል ብዬ ተጽናናሁ።

ትናንት ግን ጠየቅኋቸው። እንደተባባልነው እጽፍልዎታለሁ።

“እትዬ፣ ሲፈለፍሉት በየከረጢቱ የነበረው ምን ዓይነት ነበር?”

“አንዳንዱ ቢጫ። የሚበዛው ያው የኛው ቡናማ።”

“ታዲያ ቡናማው የት ሄደ?”

“አወጣሁታ። ቢጫው ወርቅ ነው ብሎ የላከብኝ ሰውአገኝ አይደለም? ለባሕር ማዶ ሰው፣ ለዚያውም ለተማረ ሰው፣ ሳልለቅም ልስደድለት? ዓይኔ እስኪጠፋ ለቀምኩት።”

“ቡናማ የነበረባቸው ከረጢቶችስ? ባዶ ቀሩ?”

“አዬ ልጄ። የሰው ዕቃ ባዶ ይመለሳል? ከቢጫው ለሁሉም እኩል እኩል አዳረስኳቸው። አንዱም አላፈረም።”

ቡናማው አሁንም ካለ ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ቁጥሩ ቢጠፋም አንድ ነገር ይሆናል አልኩ።

“ያወጡት ቡናማ የት ነው ያለው?”

“ጠጣኸዋ። ከኮን ስትመለስ በጾሙ በጥብጬ የሰጠሁህ ምን መሰለህ? ጋሻዬም ጠጥቷል። ‘የዘንድሮ ተልባ ይለያል’ ብሏል።”

ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጠጥቻለሁ። የሁለት ዓመት ሥራዬን በገዛ ጉሮሮዬ አወረድኩት። መጣፈጡንም አስታውሳለሁ።

እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከፊቴ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያሻሻሉ። እንኳን ትንሽዋን የተልባ ፍሬ፣ መርፌ እንኳ ማየት ከተሳናቸው ቆይቷል፤ የለቀሙት በር ላይ በፀሐይ ተቀምጠው፣ ፍሬ በፍሬ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ ነው። አልነገርኳቸውም። የምነግራቸውም አይመስለኝም።

አሁን እለምንዎታለሁ። ይህን እንዳለ ለፕሮፌሰሩ ይንገሩልኝ። አልዋሸሁም። የሚበዛው ቡናማ እንደነበረ ያዩ ሰው አሉ፤ ማንበብ አይችሉም እንጂ ቀለም ይለያሉ። ዘንድሮ ቦታው ካለፈ ለከርሞ ይሁን። ከተዳቀለው ዘር ጥቂት አስቀርቻለሁ፤ እንደገና ዘርቼ እኔው በእጄ አደርሰዋለሁ።

ይህም ካልሆነ አንድ ነገር ብቻ። እትዬ አለሜ በየቀኑ፣ “ደረሰው? ወደደው?” ይሉኛል። ለእሳቸው አንድ መሥመር ይጻፉላቸው። ደርሶኛል፣ አምሯል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚል። ሌላ አልጠይቅዎትም።

ቃለሕይወት


ሳስካቱን፣ መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቃለሕይወት፣

ለጤናህ እንዴት ነህ።

ያልከውን አምኜሃለሁ። እትዬ አለሜን ስለማውቃቸው ያሉትን ሁሉ በድምፃቸው ሰማሁት። ነገር ግን ለፕሮፌሰሩ የሚነገር ታሪክ አይደለም። አንድ ጊዜ የሚታመን አይደለም ካልኩ በኋላ፣ አሁን አክስቱ ለቅመውት ነው ብል በእኔ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። እኔም እዚህ የተቀመጥኩት በኮንትራት ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል ወይም አይታደስም። ይህን እንድትረዳልኝ ነው። ቦታው ለአንዲት ልጅ ተሰጥቷል፤ ጎበዝ ናት። ለከርሞ ብዬ ቃል መግባት አልፈልግም።

ሌላ ጉዳይ አለ። የላካችሁትን ቢጫ ከመጣል ብለን በመስተዋት ቤት ቀን ከሌት መብራት እያበራን አፋጥነን ዘርተነው ነበር። አንድም ሳይቀር ንጹሕ ቢጫ ሆኗል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ የለበትም። ዘይቱም ከጠበቅነው በላይ ነው። ፕሮፌሰሩ በጣም ተደስተዋል፤ የላስታ ዘር ተብሎ በአንድ ጽሑፍ ሊወጣ ነው። ስምህን ማስገባት ያስቸግራል፤ አንድ ጊዜ ያወጣሁትን መልሼ ባስገባ ለምን ወጣ ይላሉ።

እንደገና መላክ ይቻላል? እንዲያው እንዳለፈው ተለቅሞ፤ ከቻላችሁ ከፋሲካ በፊት ለሣራ ይድረስ።

ሰውአገኝ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዶክተር ሰውአገኝ፣

በጾሙ መጨረሻ ደኅና ሰንብተው ይሆናል።

ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት እትዬ አለሜ የሐምዳንን መኪና ድምፅ ሰምተው ወጥተው ነበርና መደበቅ አልተቻለኝም። ጋሻዬም ከበሩ ፊት ለፊት ዕርፍ እየጠረበ ነበር። “የሰውአገኝ ነው?” አሉ። “የእሱ ነው” አልኩ። “አንብበዋ፤ ቁልቁል ምን ታያለህ” አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ደብዳቤ ሲነበብላቸው እንደ ወንጌል ነው የሚሰሙት።

አነበብኩላቸው። እንዲህ አልኩ፦ “ለተከበሩ ለእናቴ ለእትዬ አለሜ። የላኩልኝ ተልባ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በዓይንዎ ተደክሞበት መለቀሙን ስላወቅሁ ከእጄ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የማን እጅ ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ የእናቴ ነው እላለሁ።” ወረቀቱን እያየሁ ነው ያልኩት፤ አልተንተባተብኩም። ጋሻዬ መጥረቢያውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

“ስላንተስ ምን አለ?” አሉኝ።

“የቃለሕይወት ቦታ ለከርሞ ተላልፏል ይላል። እስከዚያ ኮን ሥራ ቢይዝ ጥሩ ነው ይላል።”

“እኔም እሱን ነው የምለው” አሉ። ለነገሩ የኮኑን ፈተና አልፌያለሁ። ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ እሄዳለሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን አነበብኩ፤ እሱን ከእርስዎ እንዳለ ወሰድኩት፤ እንደገና ተለቅሞ ይላክልኝ የሚለውን። እዚያ ላይ ተሳሳትኩ። ያን መዝለል ነበረብኝ። እትዬ ወዲያው ተነሥተው ገቡና ለመጪው ክረምት ለዘር ያስቀሩትን ቢጫ በማሰሮው ይዘው ወጡ። ብዙ አይደለም። “ይህ ሁሉ ከሄደ እኛ ምን እንዘራለን?” አልኳቸው። “እንደዚያ አመስግኖኝ ልንፈግበት?” አሉ። ምን ልበል? አይገባውም ልላቸው ብል ለምን እንደማይገባዎ መናገር ይኖርብኛል።

ስለዚህ ዘሩ ይደርስዎታል። ሐምዳን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዞት ይወጣል። ከኛ ማሳ ላይ ቢጫ የሚባል አልቀረም። ያስቀረሁትን የተዳቀለ ዘር ደግሞ ለጋሻዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ይጠጣው ወይ ይዝራው አልጠየቅሁትም።

ከዚህ በኋላ የሚጽፉላቸው ነገር ካለ ራሳቸው የሚያስነብቡት ሰው ይፈልጋሉ፤ እኔ ኮን ነኝ። የሚያነብላቸው ሰው የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያነብላቸው። እርስዎም ያንን አውቀው ይጻፉ።

እሳቸው ይህን ጻፍልኝ ብለውኛል፤ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ፦

“ሰውአገኝ ልጄ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ አለቀስኩ፤ ጋሻዬ አይቶኛል፤ አላፈርኩም። ከቤቴ የወጣ ልጅ ከሰው አገር ሆኖ እናቴ ሲለኝ ሰማሁ። ዓይኔ ቢደክምም ደስ ብሎኛል። ይህን ልጅ አደራ ብዬህ ነበር፣ አደራዬን ጠብቀሃል። ለእሱ እንዳደረግህለት፣ እግዚአብሔር ለልጆችህም እንዲሁ ያድርግላቸው። አሜን በል።”

ጸሐፊው፣ ቃለሕይወት